አንዴ አይቶ መቆለፍ

የትምህርት ቤታችን የሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ትክክለኛ ስሙ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከርዕሰ መምህሯ አንስቶ እስከ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ድረስ ሁላችንም «ጋሼ ቀስታ» ነበር የምንለው። ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው፤ ከኛ ኋላ የተነሣ ብስክሌት እንኳ ቀድሞን ይሄድ ነበርና። ሌሎቹ ሹፌሮች «ከሱ ጋር ከመሳፈር በእግር ቀድሞ ሄዶ መጠበቅ ይሻላል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይከፋውም። «የጫንኩት ድንች አይደለም» ይላል፤ በቃ።

እኔ በዚያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ቤቴ በሱ መስመር ላይ ስለሆነ ከበሩ አጠገብ ያለችው ነጠላ ወንበር የኔ ነበረች። ስለዚህ ከማወራው ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እሱና ሚስቱ በኋላ አጫውተውኛል።

ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶና ብረት ሲያመላልስ ኖሮ፣ ሁለተኛዋ ልጁ በተወለደች ሰሞን ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ስማ፣ እነዚህ ልጆች የሚያውቁህ በፎቶ ነው። ወይ ሥራህን ቀይር፣ ወይ ትልቅ ፎቶ ተነሣና ግድግዳ ላይ እንስቀልህ» አለችው። በወሩ ትምህርት ቤቱ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡሱን አንድ ጭረት ሳያስነካ ነድቷል።

ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ግን እምነቱን አደባባይ የሚያወጣ ዓይነት ሰው አይደለም። ጠዋት ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያደርግና ከንፈሩን ትንሽ ያንቀሳቅሳል። አንድ ቀን ምን እንደሚል ጠየቅኩት።

«ምን እላለሁ? አደራ እላለሁ» አለኝና ቁልፉን ጠመዘዘ።

ነገሩ የደረሰው ዝናብ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹን የምታሳፍርና የምታወርድ ረዳት አለች፤ ልጆቹ እቴቴ ይሏታል። ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ ያለ ማይክሮፎን ግቢውን የሚያዳርስ ሴት ናት። ያን ቀን ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ቀርታለች። እኔም ፈተና የማርመው ስለነበረኝ ቀደም ብዬ በሌላ መኪና ገብቻለሁ። ጋሼ ቀስታ ብቻውን ነዳ፣ ብቻውን አወረደ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበርና ልጆቹ ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ወደ በረንዳው ሮጡ። እሱ ዘወትር እንደሚያደርገው እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ማየት ሲገባው፣ ቀና ብሎ በመስታወቱ ብቻ አየ። ባዶ ነው። አውቶቡሱን ጋራዡ ጎን አቆመ፣ ቆለፈ፣ ሄደ።

ባዶ አልነበረም። ሚጢጢ የምንላት የአራት ዓመት ተኩል ልጅ በመጨረሻዎቹ ወንበሮች መካከል ወለሉ ላይ፣ ካፖርቷ ውስጥ ተጠቅልላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ «ቀሪ» ብላ ምልክት አደረገችባት።

ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ከጋራዡ በኩል ክላክስ ይጮህ ጀመር። ዘበኛው ሹፌሮቹ የሚቀልዱ መስሎት መጀመሪያ ዝም አለ። አላቆም ሲለው ዣንጥላውን ይዞ ወጣ። ሚጢጢ ሹፌሩ ወንበር ላይ በጉልበቷ ቆማ፣ በሁለት እጇ መሪው መሀል ያለውን ክላክስ ትጫነዋለች። አልቅሳ አልቅሳ ጨርሳ፣ እንባው ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቶ ደርቋል። ጋሼ ቀስታ ከሻይ ክበቡ እየሮጠ ሲደርስ አየችውና፣ ሳትቆጣ፣ ወሬ እንደሚነግር ሰው፣ «ረስተኸኝ ሄድክ እኮ» አለችው።

ልጅቱ ምንም አልሆነችም። ወተት ጠጣች፣ ክፍሏ ገባች፣ ከሰዓት በኋላ ለጓደኞቿ መኪና እንደነዳች ስታወራ ዋለች። ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ የምትሠራው እናቷ ግን ነጭ ጋወኗን ሳታወልቅ ነበር የመጣችው።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለችው ግቢው መሀል፣ ሁላችንም እየሰማን። «ዛሬ ዝናብ ሆነ። ፀሐይ ቢሆንስ ኖሮ? መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሙቀት ቢሆንስ?»

ጋሼ ቀስታ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ቀረ። ርዕሰ መምህሯ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ ስለሆነ ግን ከሥራ አላስወጣችውም። እናትየው ልጇን ከአውቶቡሱ አስወጥታ ራሷ ታመላልሳት ጀመር። እኛም ነገሩ በዚህ አለቀ ብለን ሥራችንን ቀጠልን። ለሱ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ ልጆቹ ሲወርዱ እያንዳንዱን ወንበር ያይ ጀመር። ይህማ ደግ ነገር ነው። ችግሩ፣ ከኋላ ሲመለስ የፊቶቹን በደንብ አላየሁም ብሎ እንደገና ይጀምራል። ቆልፎ አሥር እርምጃ ሄዶ ይመለሳል። ይከፍታል፣ ከወንበሮቹ ሥር ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይቆልፋል፣ በሩን ሦስቴ ይስባል። ሻይ ሊጠጣ ሲቀመጥ ደግሞ «አሁን አየሁ የምለው የዛሬውን ነው ወይስ የትናንቱን?» የሚል ሐሳብ ሽው ይልበታል፤ ይነሣል። ሻዩ ሳይቀመስ ይቀዘቅዛል። ወር ሳይሞላ ዘበኛው «እዚህ አውቶቡስ ውስጥ የጠፋብህ ነገር ካለ ፖሊስ እንጥራ?» እያለ ይቀልድበት ጀመር።

ጭንቀቱ በአውቶቡሱ ብቻ አልተወሰነም፤ ቤቱም ተከትሎት ገባ። ምድጃው ጠፍቷል? የሚስቱ ካውያ ተነቅሏል? በሩስ? ትልቋ ልጁ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ትማር ነበር። በሳምንት ሁለቴ ይደውልላት የነበረው ሰውዬ በቀን አምስት ጊዜ ይደውል ጀመር።

«አባዬ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ። ደህና ነሽ ግን?»

«ደህና ነኝ፤ ቅድም ነገርኩህ እኮ!»

ስልኩን ይዘጋና ወደ ሚስቱ ዞሮ «ድምፅዋ ልክ አይደለም» ይላል። ምግብ አልወርድ አለው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። መሪ ሲይዝ መዳፉ ያልበዋል፤ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል ይከብደዋል። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም» ይላል። «ይሄ ምንም የምትለው ነገር አጥንትህን አወጣው» ትለዋለች እሷም።

ከሁሉ የባሰው ጸሎቱ ነበር። ይህን የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሲነግረኝም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያቺ የጠዋት አንድ ቃል አልበቃው አለች። በሙሉ ልቤ አላልኳትም ብሎ ይደግማታል። መሀል ላይ ልጅ ከጠራው ተቋረጠች ብሎ ከሀ ይጀምራል። ቆይቶ ደግሞ አርባ አንዱን ልጆች በየስማቸው ካልጠራ፣ በዘለለው ልጅ ላይ የሚደርሰው ክፉ ነገር ሁሉ በሱ ጦስ እንደሚሆን ያምን ጀመር። ሠላሳ ላይ ሲደርስ ሃያኛውን ጠርቼዋለሁ ወይ ብሎ ይጠራጠራል፤ ይመለሳል።

«ወንበሩን መፈተሼ አንሶኝ» አለኝ፣ «እግዚአብሔርንም እንደ ወንበር እፈትሸው ነበር።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለአንድ ወዳጁ ጫፉን ቢነግረው፣ ወዳጁ «እምነትህ ጎድሎ ነው። አትጨነቁ አልተባለም እንዴ?» አለው። ደግ ሰው ነው፣ ለክፋት አልነበረም። ጋሼ ቀስታ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መጨነቁ ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆነበት። ለማንም ላለመናገር ወሰነ።

እንዲህ እያለ ሦስት ወር ሄደ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እኔም እቴቴም ባለንበት፣ አንድ ኩርባ ላይ የኋላው ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። አውቶቡሱ ነጠር አለ፤ ልጆቹ «ሆ!» ብለው ሳቁ። የሱ ፊት ግን ዓመድ መሰለ።

«ምንድነው እሱ?»

«ጉድጓድ ነዋ» አለች እቴቴ።

«ሰው ቢሆንስ?»

«የምን ሰው? ውሃ ሲረጭ አይቼዋለሁ።»

ዞሮ ተመለሰ። ጉድጓዱን አየነው፤ ጭቃ ውሃ የሞላበት ጉድጓድ ነው። ቀጠልን። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ እንደገና ዞረ። አየነው። ሦስተኛ ሲዞር እቴቴ «አንተ ሰው፣ ጉድጓዱን ሦስቴ ጎበኘነው። ከዚህ በኋላ ባዶ እጃችንን ብንመጣ ነውር ነው» አለችው። ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። መኪናውን በሥርዓት ወደ ዳር አወጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ለእቴቴ ሰጣት።

«አልችልም» አለ። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አርባ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ከመሀል አንዱ «ጋሼ ቀስታ እያለቀሰ ነው» አለ።

«እያረፈ ነው!» አለች እቴቴ። «ሰው አያርፍም? ሁላችሁም ቁጭ!» ይህን ብላ ወደኔ ዞር ስትል ግን የሷም ዓይን ቀልቷል። ስልክ ደወልኩ፤ ሌላ ሹፌር መጥቶ ወሰደን።

ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ በመሣሪያ መረመረውና «ልብህ ደህና ነው። የያዘህ ጭንቀት ነው፤ ሕመም ነው፤ ይታከማል» ብሎ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከው። ሄደ፤ የታዘዘለትንም ክኒን ዋጠ። አንዳንድ ሰው ክኒንና ጸሎት የተጣሉ ስለሚመስለው ነው ይህን የማነሣው። ለሱ አልተጣሉም። «ፍሬኔ ሲበላሽ ጸልዬ ጋራዥ እወስደዋለሁ እንጂ ጸልዬ ቁልቁለት አልነዳውም» ይል ነበር።

የሕመም ፈቃድ ተሰጠው። ሚስቱ የምትሰፋባት ክፍል ውስጥ ዝቅ ባለች በርጩማ ተቀምጦ፣ ወለሉ ላይ የወደቁ ስፒሎችን በማግኔት ሲለቅም ይውላል። ከለቀመ በኋላ አንድ እንዳይቀር እንደገና ይለቅማል። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና እያለች ታየዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እቴቴ ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች። ስለ ትምህርት ቤቱ አወራች፣ ስለ ተተኪው ሹፌር አወራች። «ሲነዳ የሚያባርሩት ነው የሚመስለው፤ ልጆቹ ወደዱት፣ እኔ ግን ወገቤ አለቀ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «ንገረኝ» አለችው።

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም ያወጣው፤ ወንበሩንም፣ ስልኩንም፣ ጸሎቱንም። ሚስቱም የጸሎቱን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያኔ ነው። መኪናዋን አቁማ እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች አዳመጠች።

እቴቴ ብርቱካን እየላጠች ቆየች።

«ልጄ አራት ዓመት ሆስፒታል ሲመላለስ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔም እንዳንተ ሆኜ ነበር። በጸሎቴ መሀል ያስነጠስኩ እንደሆነ ያበላሸሁበት ይመስለኝ ነበር።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«ደከመኝ። ደክሞኝ አንድ ቀን 'ጌታዬ፣ ነግሬሃለሁ፤ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም' ብዬ ተነሣሁና ሳህን አጠብኩ።»

«ልጅሽ ዳነ?»

«ያን ቀን አልዳነም። ገና ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ሳህኔን አጠብኩ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!» አንድ ፍንካች ሰጠችው። «ስማ፣ እግዚአብሔር ጆሮው ደህና ነው። አንዴ ከነገርከው ሰምቷል። ያ ልጄ እንኳ አንድ ነገር ሦስቴ ስነግረው 'እማ፣ ሰምቻለሁ፣ አታድርቂኝ' ነው የሚለኝ።»

ጋሼ ቀስታ ሳቀ። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ሲስቅ የሰማችው የመጀመሪያው ነበር፤ ስትሰማው ደነገጠች እንጂ ደስ እንኳ አላላትም።

«እምነቴ ጎድሎ ነው ብለው...» ሲል እቴቴ አቋረጠችው።

«ያልጎደለበት ማን አለ? የምትደጋግመው ስለምትፈራ ነው። የፈራን ልጅ ደግሞ አባቱ ያቅፈዋል እንጂ አይገርፈውም። አንተስ ሴት ልጆችህን ሲፈሩ ትገርፋቸው ነበር?»

«እኔ? እንኳን ሲፈሩ ሲያጠፉም አልገረፍኳቸው።»

«ይኸው።»

ከዚያ ተነሥታ ሥርዓት አወጣችለት፤ ልጆቹን በወረፋ እንደምታሰልፍ ሁሉ። ሥራ ሲመለስ እሱ ከፊት እስከ ኋላ እያንዳንዱን ወንበር በእጁ እየነካ አንዴ ያያል። እሷ ከኋላ እስከ ፊት አንዴ ታያለች። «አደራ» አንዴ ትባላለች። በሩ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ቢመጣ፣ ይመጣል፤ እሱ ግን አይመለስም፤ ልመናውንም አይደግምም። በዚያ ፋንታ ያን ጠዋት በዓይኑ ስላየው አንድ ደህና ነገር ያመሰግናል። «ምስጋናውንስ መደጋገም ብጀምር?» አላት። «እሱን ስትደርስበት እናወራለን» አለችው።

ሐኪሙ ጋ ሲሄድ ይህንኑ ነገረው። ሐኪሙ ማስታወሻውን አስቀምጦ «ይህቺ ሴትዮ የት ነው የተማረችው?» አለ። እሱም ሊመክረው ያሰበው ወደዚያው የቀረበ ነበርና።

በሳምንቱ እሑድ ያልተጠበቀ እንግዳ መጣ። በሩን ሲከፍት የሚጢጢ እናት ቆማለች፤ ሚጢጢ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛለች። ያን ቀን ግቢው መሀል «አንተ» ያለችው ሴት ዛሬ «ጋሼ፣ መግባት ይቻላል? አስቸገርኩዎት» አለችው።

ተቀመጡ። ሚስቱ ለልጅቱ ከረሜላ አቀረበች። እናትየው ለመጀመር ተቸግራ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈት ዘጋ ታደርግ ነበር።

«ታመሙ ሲሉ ሰማሁ። ጥፋትዎ ጥፋት ነው፤ አልፋቀውም። ግን በሰው ፊት ያዋረድኩዎት ነገር ልቤን አላሳርፍ አለው።»

«እውነትሽን ነው የተናገርሽው፣ ልጄ። በደለኛው እኔ ነኝ። ይቅርታ ላደርግልሽ ሳይሆን ልለምንሽ ነው የሚገባኝ።»

«እኔም እኮ ጤና የለኝም፣ ጋሼ። ራሴ አድርሻት፣ ራሴ ክፍል አስገብቻት፣ ሥራ ቦታ ስደርስ 'ገብታለች?' ብዬ እደውላለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ እደውላለሁ። ስልኩን የምታነሣው የቢሮ ልጅ አሁንማ ድምፄን ስትሰማ 'ገብታለች!' ብላ ትዘጋዋለች። ዐርብ ዕለት ሁለት የደም ናሙና ልቀያይር ትንሽ ቀረኝ።»

ጋሼ ቀስታ አፍጥጦ አያት። «አንቺም?»

«እኔም።»

ያን ሁሉ ወር ብቻውን የተሸከመው የመሰለው ነገር ሌላ ሰው ትከሻ ላይም ነበር። ሚስቱ ሁለቱን አፈራርቃ አየችና «በሉ ተነሡ፣ ሁለታችሁንም የሚያሳርፍ አንድ ነው» ብላ አስነሣቻቸው። ቆሙ። እሱ ጀመረ።

«ጌታ ሆይ፣ እኔ በመስታወት ብቻ ባየሁ ሰዓት አንተ እስከ ኋላ ወንበር አይተሃል። በድያለሁ፤ አንተ ግን ልጅቱን ጠበቅካት። እኔን ማረኝ። ይህቺን እናት...»

«አሜን!» አለች ሚጢጢ፣ ዓይኗን ከከረሜላው ሳትነቅል።

ጸሎቱ ተቋረጠ። እሱ እንደነገረኝ፣ ወዲያው ደረቱ ላይ ያ ክብደት መጣ፤ አፉም ከመጀመሪያው ሊጀምር ተከፈተ። «ጌታ ሆይ፣ እኔ በመስ...» ብሎ ቀና ሲል ሚስቱ በአንድ ዓይኗ እያየችው ነው። እናትየው ሳቋን ይዛ ከንፈሯን ነክሳለች። ልጅቱ እጇን ወደ ሳህኑ ልካለች። እዚያ ላይ አቆመ። የቀረችውን አንዲት ነገር፣ «ይህቺን እናት አሳርፋት» የምትለውን፣ እግዚአብሔር ሳይነገረው የሚያውቃት እንደሆነ ታሰበው።

«አሜን» አለ እሱም። ተቀመጡ።

እናትየው ስትወጣ «ሰኞ ልጄን በእርስዎ መኪና ነው የምልካት» አለችው። «እኔም መደወሌን አቆማለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እደውላለሁ። እሺ፣ ሁለት ጊዜ።»

ፈቃዱ ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር፤ ሐኪሙ ግን ልሞክር ካለ ይሞክር ብሎ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ኮፍያውን አወለቀ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ሞተሩን አስነሣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። የተተኪውን ሹፌር ፍጥነት የለመደ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ብቻ «በቃ፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ነው የምንደርሰው» ብሎ አጉረመረመ።

ደረስን። ልጆቹ ወረዱ። እሱ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየነካ እስከ ኋላ ሄደ፤ እቴቴ ከኋላ መጣች። ቆለፈ። እኔ ሰዓቴ ስላልደረሰ ቆሜ አየሁት። ግቢው በር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። እጁ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ይዟል። ዘበኛው «ምን ረሳህ?» ሊለው አፉን ሲከፍት እቴቴ ከሩቅ ገላመጠችው፤ ዘጋው። ጋሼ ቀስታ እዚያ አንድ አምስት ደቂቃ ቆመ። በኋላ ስጠይቀው፣ «ምድር ብትከፈት ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «አንድ የማመሰግንበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻ ሚጢጢ ስትወርድ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ እኔ እንዳሰርኩላት ትዝ አለኝ። ስለ ጫማ ማሰሪያ አመሰገንኩ። ከዚያ ሻይ ክበብ ሄድኩ።» ሻዩን ሲያነሣ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ግን ትኩሱን ጠጣው።

በዚያው ሳምንት ሁለቴ ተሸንፎ ተመልሷል። በሚቀጥለው አንዴ። አንድ ክፉ ወር ነበረው፤ ሐኪሙ ክኒኑን ጨመረለት። ለልጁ በቀን አንዴ ብቻ ሊደውል ከራሱ ጋር ቃል ገባ፤ ልጅቱ ደግሞ ባልለመደችው ዝምታ ደንግጣ ራሷ ትደውል ጀመር። ሚስቱ ይህን ስትሰማ «ዘር ከልጓም ይስባል» አለች። ዓመቱ ሲያልቅ ቀበቶው ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ተመልሶ ነበር።

ጭንቀቱ ፈጽሞ ጠፋ ብዬ አልዋሽም። እሱም እንዲህ አይልም። አሁን ግን አይደብቀውም። አንድ ዓመት፣ አዲስ የተቀጠረ ወጣት ሹፌር የግቢውን በር ገጭቶ የአውቶቡሱን ጎን ሲያበላሽ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣቱ መሪ መያዝ ይፈራ ጀመር። ጋሼ ቀስታ ማንም ሳይልከው ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። በመስኮቱ ሳያቸው ሁለቱም ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር።

ሚጢጢ አውቶቡሱ ውስጥ ከተረሳች ከስድስት ዓመት በኋላ ትልቋ ልጁ ተምራ፣ አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወላጆቿ ጋ መጣች። ምጡ ጠዋት ጀመራት፤ ሆስፒታል አደረሷት። ሚስቱ እንደምትለው፣ መጀመሪያ ላይ የኮሪደሩን ንጣፍ ሲመላለስበት ሌላ ቀለም አወጣለት። ነርሷን ሁለቴ ጠየቃት። ሦስተኛ ሊጠይቃት ተነሣና መንገድ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ከንፈሩን ትንሽ አንቀሳቀሰ፣ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷ «የወላዷ አባት ማን ነው?» እያለች ስትወጣ፣ የወላዷ አባት ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋ ነበር። ሚስቱ በክርኗ ነረተችው።

«ተነሥ አንተ! ሰው ልጁ ምጥ ላይ ሆና ይተኛል?»

«ወለደች?»

«ወንድ» አለች ነርሷ። «ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ዓይኑን እያሸ ተነሣ፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ድረስ ያን እንቅልፍ በመጣው እንግዳ ሁሉ ፊት ታወራበታለች። እሱ የልጅ ልጁን አቅፎ እያባበለ ዝም ብሎ ይሰማታል።